ሳይጠሩት የመጣ የጉበት እንግዳ

በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሰው ሕይወት ላድን ብሎ ደም ሰጠ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተጠርቶ ቢሄድ በደሙ ውስጥ የሄፓታይተስ ሲ ምልክት መገኘቱን ነገሩት። ያመመው ነገር ግን አልነበረም፤ ይበላል፥ ይጠጣል፥ ሲያስተምር ይውላል። ወሬው መምህራን ማረፊያ ክፍል በደረሰ ማግሥት የቡና ሲኒው ከሌሎቹ ተለይቶ በመስኮቱ ጥግ ለብቻው ተቀመጠ። ያን ሲኒ ባየሁ ጊዜ አፈርሁ። ሌላውን እናስተምራለን የምንል ሰዎች በሽታውን ሳናውቅ በበሽተኛው ላይ ፈርደን ነበርና።

ባገራችን የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል፤ ጥፋቱንም በሌሊት ወፍ ላይ የሚያላክኩ አሉ። ጉበትን የሚያጠቁት ቫይረሶች ግን ብዙ ናቸው፤ መንገዳቸውም ይለያያል። ኤ እና ኢ የተባሉት በተበከለ ውሃና ምግብ ይገባሉ። ሲ የተባለው ግን የሚተላለፈው በደም ነው፤ ባልተቀቀለ መርፌና የሕክምና መሣሪያ፥ በጋራ ምላጭ፥ ሳይመረመር በተሰጠ ደም። በሲኒ፥ በእንጀራ፥ በመተቃቀፍ አይተላለፍም።

ይህ ቫይረስ ለሊቃውንትም ቶሎ አልተገለጠም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ሐኪም ሃርቪ ኦልተር ደም ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል ኤም ቢም ባልሆነ ነገር ጉበታቸው የሚታመም መኖራቸውን አስተዋለ። በ1989 ማይክል ሃውተንና ጓደኞቹ ቫይረሱን ለይተው አወጡት። በ1997 ደግሞ ቻርልስ ራይስ ይህ ቫይረስ ብቻውን በሽታውን ሊያመጣ እንደሚችል አረጋገጠ። ሦስቱም በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሁን ወደ ጉበት ሕዋስ እንግባ። ከእናንተ መካከል በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል፤ የሕዋስ አሠራር ከመሥሪያ ቤት አሠራር ብዙ አይርቅምና።

ጉበት ከደም ስብ ይቀበላል፤ ወደ ደምም ስብ ይልካል። ቫይረሱ ይህን የሚያውቅ ይመስል ስብ ለብሶ ይመጣል፤ ከሕዋሱ በር ላይ ያሉትን ተቀባዮች ተራ በተራ ይዞ ይገባል። የያዘው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ አር.ኤን.ኤ. በሚባል ነገር የተጻፈ፥ 9,600 ያህል ፊደል ያለው።

የሕዋሱ የራሱ ደብዳቤዎች በራሳቸው ላይ እንደ ማኅተም ያለ ምልክት አላቸው። የቫይረሱ ደብዳቤ ማኅተም የለውም፤ ነገር ግን ጫፉ የታጠፈበት አኳኋን የሕዋሱን ጸሓፊ፥ ማለት ራይቦዞም የተባለውን፥ በቀጥታ ይዞ ያሠራዋል። ጸሓፊውም እንደ ታማኝ ሠራተኛ ትእዛዙን ይፈጽማል። ከዚህ ሥራ የሚወጣው አንድ ረጅም ሰንሰለት ተቈራርጦ 10 ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ይሆናል። ከመቍረጫዎቹ አንዱ ታዲያ ሌላም ተንኰል ይሠራል፤ ሕዋሱ «ሌባ ገባ» ብሎ የሚጮህበትን የደወል ሽቦ ይቈርጣል። ባልደረባዬ ምንም ሳይሰማው የኖረው ስለዚህም ጭምር ነው።

ከፕሮቲኖቹ ሌላው ደብዳቤውን የሚገለብጥ ነው። ይህ ገልባጭ የጻፈውን መልሶ አያነብም፤ ስሕተቱ ይበዛል። ቅጂዎቹ እርስ በርስ ስለሚለያዩ የሰውነት ዘበኞች የትናንቱን መልክ ሲያጠኑ ቫይረሱ በዛሬ መልክ ያልፋቸዋል። ለሄፓታይተስ ሲ እስካሁን ክትባት ካልተገኘባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የሚያስደንቀው ቫይረሱ ያደረበትን ሕዋስ ለመግደል የማይቸኵል መሆኑ ነው። ጉበቱን በይበልጥ የሚጐዳው ሰውነት ራሱ የተያዙትን ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው። ከ100 የተያዙ ሰዎች 30 ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናሉ፤ በቀሩት ላይ ትግሉ ዓመታት ይቈያል፤ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይደራረባል። ከእነዚህም ከ100 ከ15 እስከ 30 በሚሆኑት ላይ በ20 ዓመት ውስጥ ጉበቱ ይጠጥራል፤ ካንሰርም ሊከተል ይችላል። የዚሁ ቤተሰብ ዘመድ የሆነው ቢጫ ወባ ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ሺሕ ሰው ሲፈጅ በጥቂት ቀን ውስጥ ነበር የሚጥለው። ይኸኛው ግን ዝምተኛ ነው።

አሁን የምሥራቹን ስሙ። ሄፓታይተስ ቢ ሰነዱን ከሕዋሱ መዝገብ ቤት፥ ከአስኳሉ ውስጥ፥ ይሸሽጋል፤ ክትባት ቢኖረውም አንዴ ከሰነበተ በኋላ ነቅሎ ማውጣት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። የሲ ደብዳቤ ግን ከመዝገብ ቤቱ አይገባም፤ ከውጭው ክፍል ብቻ ይቀራል። ስለዚህ መገልበጡ ከተገታ የቀረው ያረጃል፥ ይጠፋል። በ2013 በአሜሪካ የተፈቀደው ሶፎስቡቪር ለገልባጩ ሐሰተኛ ፊደል ያቀብለዋል፤ ያን ፊደል ያስገባ ቅጂ ከዚያ ወዲያ አይቀጥልም። ዛሬ እንዲህ ያሉ እንክብሎች ተጣምረው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሲወሰዱ ከ100 በሽተኞች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ያድናሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ደም ስትሰጡ ወይም ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ተመርመሩ። የመጀመሪያው ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ከቫይረሱ ጋር አንድ ጊዜ መገናኘቱን ብቻ ነው፤ ቫይረሱ ዛሬም በደም ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚለየው ሁለተኛው ነውና እርሱን ሳታገኙ አትደንግጡ። ምላጭና መርፌ አትዋዋሱ። ሲኒ ግን አትለዩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ በሽታ ራሱን በራሱ የሚደብቅ ሆኖ ሳለ እኛ ደግሞ በሽተኛውን በማሸማቀቅ እናግዘዋለን። ባልደረባዬ ሁለተኛውን ምርመራ ጨርሶ መድኃኒቱን ጀምሯል። ሲኒውንም ከመስኮቱ ጥግ አንሥቼ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬዋለሁ፤ አሁን የማን የማን እንደ ሆነ የሚለይ የለም።