ጠብን ሳይቃጠል በቅጠል

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር በሚያመራው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው የጉማራን ወንዝ ከመሻገሩ አስቀድሞ ሐሙሲትን ያገኛል። በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ ስሟ እንደሚያመለክተው፣ የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩና ረዳቱ፣ እንዲሁም ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ተማሪ በአንድ አደባባይ ይገናኛሉ። በዚህና ይህን በመሰለ አደባባይ ሁለት ጎረምሶች በትከሻ ተገፋፍተው ሲፋጠጡ፣ ከቆመው ሰው መካከል የሚሰማው ድምፅ «ተዉ!» የሚል ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ነገር ግን ሌላም ቃል ይሰማል፤ ይኸውም «ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚለው ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት የምንፈልገው ጉዳይ ከዚህ ቃል የሚነሣ ነው።

ወጣት በወጣት ላይ ጉዳት ሲያደርስ «ድንገተኛ ጠብ ነው» ተብሎ መታለፉ የተለመደ ሆኗል። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን ጠብ ደረጃ ያለው መሆኑ ይገለጣል። መጀመሪያ ሽሙጥና ቅጽል ስም ይመጣል፤ ቀጥሎ በሰው ፊት መዋረድ፤ ከዚያም «አሳየዋለሁ» የሚል ዛቻ፤ ከዚያም ጓደኛ ማሰባሰብ፤ በመጨረሻም ከቤት ሲወጡ ዱላ ወይም ጩቤ መያዝ ይከተላል። አረቄ ከተጨመረበት ደግሞ የመጨረሻው እርምጃ እጅግ አጭር ይሆናል። በየደረጃው የሚያይ ሰው አለ። የክፍል ጓደኛ ያያል፤ አከራይ ያያል፤ በሻይ ቤት የሚያስተናግደው ሠራተኛም ይሰማል። የጎደለው ማየት ሳይሆን፣ የታየው ነገር የአደጋ ምልክት መሆኑን ለይቶ ማወቅና በጊዜው መናገር ነው። ለወጣቱ ልናስተምረው የሚገባን ቁም ነገርም ይኸው ነው።

ኅብረተሰባችን በደም ጉዳይ ብልሃት የሌለው አይደለም። በቀድሞ ዘመን ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ይመረምር ነበር። ነፍስ ከጠፋ በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን ወገኖች በካሣና በመሐላ ያስታርቃሉ፤ ደም ያደርቃሉ። ፖሊስና ፍርድ ቤትም የየራሳቸውን ድርሻ ይወጣሉ። ዳሩ ግን እነዚህ ሁሉ በአመዛኙ የሚደርሱት ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት ባለቤት አላገኘም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል የሚያስፈልገን ለዚህ ሰዓት ነው።

ሰዓቱ ካመለጠ የሚከተለውን መከራ የክልላችን ሕዝብ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ደም መመለስ በሚባለው ጎጂ ልማድ ምክንያት፣ የገደለው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ደመኛ የሚሆነው ግን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ነው። በጠቡ ጊዜ ያልተወለደ ሕፃን እንኳ የአባቱን ደም እንዲመልስ በሙሾና በፉከራ እየተነገረው ሊያድግ ይችላል። ከደመኛ ወገን የተወለደው ልጅ ገበያ ለመውጣት ይሰጋል፤ ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ማሳው ጦም ያድራል፤ ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ይሰደዳል። በአንድ ቅጽበት የተመዘዘ ጩቤ የሁለት ትውልድ እንጀራ ይቆርጣል ማለት ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ልጆቻችንን ትዕግሥት ብናስተምር ፈሪ ይሆናሉ» የሚል ሥጋት ያሰማሉ። ይህ አስተሳሰብ ከሥሩ ሊመረመር ይገባዋል። ቀረርቶና ፉከራ በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተውን ሠራዊት ወኔ የቀሰቀሱ ናቸው፤ ወራሪን ለመመከት ሲሰሙ ክብር ነበራቸው። አንድ መማሪያ ወንበር ተጋርቶ የሚማረውን ልጅ ለመውጋት ሲውሉ ግን ክብራቸው ይረክሳል። ሃምሳ ሰው እየተመለከተው «አልጣላም» ብሎ ፊቱን አዙሮ የሚሄድ ጎረምሳ ጩቤ ከሚመዝዘው ይልቅ ወኔ ያስፈልገዋል። ፈሪው በሰው ጠብ ዳር ቆሞ የሚያፋፍመው ነው።

ወጣቱ ሕጉንም ሊያውቅ ይገባል። ብዙ ጎረምሳ «ልጅ ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ይላል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን፣ በአንቀጽ 56፣ ዕድሜው ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ወጣት በመደበኛው ድንጋጌ መሠረት እንደሚዳኝ ይናገራል፤ ከ18 ዓመት በታች መሆኑ ቅጣቱን ለማቅለል ሊታሰብለት ቢችልም ከተጠያቂነት አያድነውም። እንዲሁም ሕጉ እጁን ያነሣውን ብቻ ሳይሆን፣ አስቦ ሌላውን ለወንጀል ያነሳሳውንም ይቀጣል።

የሴት ልጆችም ጉዳይ ከዚህ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር። አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን በር ዘግቷል፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም። የጠለፋም ምልክት አለው። ልጅቱ ውኃ የምትቀዳበትን፣ ወፍጮ ቤት የምትሄድበትን ሰዓት እየጠየቀ የሚያጠና ሰው፣ ስጦታ እያስያዘ ደላላ የሚልክ ሰው፣ «አንድ ቀን አብራችሁኝ ትወጣላችሁ» እያለ ጎረምሶችን የሚያባብል ሰው አንድ ነገር እያሰበ ነው። ልጃገረዶች ይህን ለይተው ለሚያምኑት ታላቅ ሰው እንዲናገሩ እናስተምራቸው። ወንዶቹም ለጓደኛ ውለታ ብሎ ለጠለፋ ማጀብ ወንጀል መሆኑን ይወቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሪፖርት፣ ሰው በሌላው ሰው ላይ ወይም በቡድን ከሚፈጽመው ጥቃት ሌላ፣ በገዛ ራሱ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትም በዓመፅ ዝርዝር ውስጥ አካቷል። ይህ ክፍል በእኛ ዘንድ በዝምታ የተሸፈነ ነው። ከሰው የሚሸሽ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሌላ የሚያድል፣ «መኖሬ ምን ይጠቅማል» የሚል ልጅ ሲገጥማቸው፣ ጓደኞቹ ምሥጢር ነው ብለው እንዳይሸሽጉ፣ ብቻውንም እንዳይተዉት፣ ወዲያውኑ ለወላጅ፣ ለመምህር ወይም ለጤና ባለሙያ እንዲናገሩ ማስተማር ያስፈልጋል። ገበሬውም የተባይ ማጥፊያ መድኃኒቱን ቆልፎ ቢያስቀምጥ ሕይወት ያድናል።

ታዲያ ምን መደረግ አለበት? ከሁሉ አስቀድሞ ከራሳችን እንጀምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። በቤቱና በክፍሉ በአለንጋ ብቻ የሚመራ ልጅ፣ ክርክር የሚቋጨው በዱላ ነው የሚል ትምህርት ከእኛው ይማራል። በመናኸሪያና በጋራዥ ያለህ ሠራተኛ፣ ታዳጊውን ረዳት በሰው ፊት ስታዋርደው የጠቡን የመጀመሪያ ደረጃ እየሠራህለት መሆኑን አትዘንጋ።

ቀጥሎም ትምህርቱ በቃል ብቻ አይቅር። በትምህርት ቤት ክበባትና ሚኒ ሚዲያ፣ ጠብ እንዴት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚበርድ ወጣቶቹ ራሳቸው በጭውውት ያሳዩ። «ና፣ እንሂድ» ብሎ ጓደኛን ከግርግር ማውጣት፣ ነገሩን ለማግስቱ ማሳደር፣ ጩቤ የያዘ ልጅ ሲያዩ ራስን አርቆ ለታላቅ ሰው መንገር፣ ይህ ሁሉ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተካሄደው የትጥቅ ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከመማሪያ ገበታቸው ርቀዋል፤ መሣሪያና የጥይት ድምፅም የዕለት ኑሯቸው ሆኖ ታይቷል። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ስፍራ እድሩ፣ የቀበሌው ነዋሪዎች ስብሰባና የሥራ ቦታው ትምህርት ቤት መሆን ይገባቸዋል። እያንዳንዱ እድር ወጣቶች ሳይፈሩ ነገር የሚያደርሱላቸው፣ ምሥጢር የሚጠብቁ አንድ እናትና አንድ አባት ቢመርጥ ወጪ አይጠይቅም።

እድራችን ድንኳንና የቀብር ገንዘብ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ሞት እንደሚመጣ አውቆ የሚዘጋጅ ማኅበር፣ ሊቀር የሚችለውን ሞት ለማስቀረት የማይዘጋጅበት ምክንያት የለም። በሚቀጥለው ገበያ ሁለት ጎረምሶች ሲፋጠጡ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚል ድምፅ ቢነሣ፣ ከዚያ ድምፅ አስቀድሞ የሚሰማ ሌላ ድምፅ ይኑር፤ እርሱም የእያንዳንዳችን ይሁን።