በታችኛው ኦሞ ከአዲስ ውል በፊት የይዞታ መዝገብ ይቅደም

ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለተሰበሰበው ሕዝብ ባሰሙት ንግግር፣ በኋላ ቀርነት ሲጠራ የኖረው የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በመስኖና በስኳር ልማት ተለውጦ ለሌላው የፈጣን ዕድገት ምሳሌ እንደሚሆን ቃል ገብተው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በኦሞ ግራና ቀኝ የኩራዝ ስኳር ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ ጂንካ ዩኒቨርሲቲና ዘመናዊ የአውሮፕላን ማረፊያ አግኝታለች፤ ቀድሞ በክረምት ተቆርጠው የሚከርሙ ወረዳዎች መንገድ ገብቶላቸዋል። ይህን ሁሉ ማቃለል ፍትሕ አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉ የተገባለት ሕዝብ ከሀብቱ ምን ያህል እንደደረሰው ሲጠየቅ፣ ከዚያ ንግግር በኋላ ባሉት ዓመታት የተሰጠው መልስ አጥጋቢ አይደለም ብለን እናምናለን፤ አሁን መንግሥት በአካባቢው ያለውን የስኳር ሀብት ለግል ባለሀብት ለማስተላለፍ በተነሣበት ወቅት ደግሞ መልሱን ማዘግየት የማይታረም ስሕተት ያስከትላል።

አስቀድሞ የጠፋው በትክክል ሊታወቅ ይገባል። ኦሞ በጊቤና በጎጀብ ገባሮቹ ሞልቶ፣ በነሐሴና በመስከረም ከዳርቻው ወጥቶ፣ ደለሉን በሜዳው ላይ አሳርፎ ሲመለስ፣ ሙርሲው፣ ኩዊጉው፣ ካራው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ ውሃው በሸሸበት እርጥብ አፈር ላይ ማሽላውን፣ በቆሎውንና ባቄላውን ይዘሩ ነበር። ያ ጎርፍ ማንም ያልቆለፈው ጎተራ ነበር። ዝናብ በቀረበት ዓመት እህሉ ከዳርቻው ይገኛል፤ ከብት በበሽታ ባለቀበት ዓመት በእህሉ ከብት ይተካል፤ እህል ባነሰ ጊዜ ደግሞ ከብቱ በዲመካና በአልዱባ ገበያ ተሸጦ እህል ይገዛል። በእርሻውና በከብት እርባታው መካከል የነበረው ይህ መደጋገፍ ለትውልዶች የዘለቀ፣ ከማንም ካዝና ሳንቲም ያልወጣለት የመድን ሥርዓት ሆኖ ሳለ፣ በብዙ የልማት ሰነዶች ውስጥ ዋጋ ሳይተመንለት ቀርቷል። ግድቡ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላ ያ የየዓመቱ ጎርፍ ቀርቷል። የግድቡ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት በየዓመቱ ለአሥር ቀናት ቁጥጥር ያለበት ጎርፍ እንደሚለቀቅ ገልጾ ነበር፤ ሆኖም ይህ ዝግጅት የጥንቱን ጎርፍ ሥራ አልተካም፤ ገበሬውም በየትኛው ወር ምን ያህል ውሃ እንደሚደርሰው አውቆ ዘሩን የሚያዘጋጅበት የታወቀ ሥርዓት አልተተከለም።

የኩራዝ ልማት ሲታቀድ የተነገረው 175 ሺህ ሄክታር መሬት ነበር፤ በኋላ ወደ 100 ሺህ ዝቅ ብሏል። ኩራዝ ሁለትና ሦስት እያንዳንዳቸው በቀን 12 ሺህ ቶን አገዳ የመፍጨት አቅም ይዘው ሥራ ሲጀምሩ፣ ኩራዝ አንድ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን እጅ ለዓመታት ተጓትቷል። መንግሥት ለማስተላለፍ ጨረታ ካወጣባቸው ስምንት የስኳር ፋብሪካዎች አራቱ የኦሞ ኩራዝ ናቸው። ገዥው የሚረከበው ግን ማሽኑን ብቻ ሆኖ አይቀርም። አገዳው የቆመበት መሬትና ከኦሞ የተጠለፈው ውሃ ከማሽኑ ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ መሬቱ ደግሞ በሳላማጎና በዙሪያው የቦዲና የሙርሲ ከብት የሚሰማራበት፣ ንብ የሚታነብበት፣ በድርቅ ዘመን የሚሸሽበት ነበር። ባለሀብት በግልጽ ውል የያዘውን መብት በኋላ መልሶ ማካፈል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ መንግሥት፣ የነባሩን ባለይዞታ ድርሻ ከውሉ ፊርማ በፊት ማስከበር እንዳለበትም ያውቃል።

ሸለቆው ከውጭ የመጣ ትልቅ ዕቅድ ሲያስተናግድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በደርግ ዘመን ኦሞራቴ ላይ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በሽርክና ሰፊ እርሻ ተቋቁሞ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ቱሎው የተባለው ኩባንያ በደቡብ ኦሞ የነዳጅ ጉድጓድ ቆፍሮ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ሳያገኝ ቀርቷል። የወጠኑ ዓይነት ቢለያይም ውሳኔው ሌላ ቦታ ተወስኖ መምጣቱ፣ ነዋሪው የሚሰማው ካርታው ከተነደፈ በኋላ መሆኑ፣ ወጠኑ ሲቆም ወይም ሲታጠፍ ዳፋውን የሚሸከመው ያው ነዋሪ መሆኑ አልተለየም።

በዚህ ጉዳይ የሀገሪቱ ሕግ ዝም አላለም። የኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘት፣ የመጠቀምና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ደንግጓል። አንቀጽ 43 ዜጎች የሚመለከታቸውን የልማት ፖሊሲና ፕሮጀክት በተመለከተ አስተያየት የመስጠትና የመሳተፍ መብት ሲያረጋግጥ፣ አንቀጽ 92 ይህንኑ መርሕ ለአካባቢ ጥበቃ ዓላማ አጽንቶታል። የአርብቶ አደሩ የወል ይዞታ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 በወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግም እውቅና አግኝቷል። የጎደለው ሥራ ላይ መዋሉ ነው። ወል መሬት ካልተለካ፣ ወሰኑ በሽማግሌዎች ምስክርነት ካልተረጋገጠና በመዝገብ ካልሰፈረ፣ የመሬት ባንክ ሰነድ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ባዶ ሆኖ የታየ መሬት ደግሞ ጠያቂው ብዙ ነው። ትራክተሩ ከቆመ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ፣ በዚያም ቋንቋውን የማያውቁ ባለሙያዎች ያነበቡትን ሰነድ ተቀብሎ የሚወጣ ቃለ ጉባኤ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ምክክር አያሟላም።

የሚነሣውን መከራከሪያ በአክብሮት እንመዝናለን። ሀገሪቱ ስኳር ከውጭ ታስገባለች፤ መብራት ያላገኘው ሕዝባችን ብዙ ነው፤ ውሃው ወደ ቱርካና ሐይቅ ፈስሶ ከሚቀር በሀገር ውስጥ ቢሠራበት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አርብቶ አደርነትም ራሱ በድርቅ እየተፈተነ ነው። ይህ ሁሉ ክብደት አለው። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ድንገት ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰዎችን መግደሉን፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ድርቁ የሐመርንና የዳሰነችን ከብት መፍጀቱን፣ ከዚያም ሐይቁ ከፍ ሲል ወንዙ ተመልሶ ሞልቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሎ ኦሞራቴ ከተማን ማስጋቱን የማያስታውስ የለም። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ለነዋሪው የሚከራከር እንጂ የሚከራከርበት አይደለም። ተፈጥሮ እንዲህ በሚለዋወጥበት ሸለቆ አንድ ሰብልና አንድ አሠሪ ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ፣ በከብት፣ በእርሻ፣ በንብና በገበያ ላይ ከቆመው ኑሮ ይልቅ ለመውደቅ የቀረበ ነው። ወደ ቱርካና ሐይቅ ከሚገባው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ መሆኑም ጉዳዩን ከኬንያ ጋር የሚያገናኝ የጉርብትና ኃላፊነት ያደርገዋል፤ በሐይቁ የሚገኙት ብሔራዊ ፓርኮች በ2010 ዓ.ም. አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ መስፈራቸው መታወስ አለበት።

ከዚሁ አካባቢ ሌላ መንገድም ታይቷል። በኦሞና በማጎ ፓርኮች አቅራቢያ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ኩዊጉና አሪ በጋራ የሚያስተዳድሩት፣ ወደ 200 ሺህ ሄክታር የሚጠጋው የታማ የማኅበረሰብ ጥበቃ ክልል በ2014 ዓ.ም. ሕጋዊ እውቅና አግኝቷል። አሳዳጊውን ሳይነቅሉ ደኑንና አራዊቱን መጠበቅ እንደሚቻል የሚያሳይ በመሆኑ፣ የክልሉም ሆነ የፌዴራሉ መንግሥት እንደ ተራ ሙከራ ሊያዩት አይገባም። በአሪ ደጋ ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ማሩና እንሰቱ ብዙ ካፒታል ሳይጠይቁ የብዙ ቤተሰብ እጅ የሚገባ ሀብት ናቸው፤ የሚፈልጉት መጋዘን፣ ማጠቢያ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበርና ዋጋውን የማይበላ መንገድ ነው። በቱሪዝሙ ረገድ ግን የሚያሳዝነን ነገር አለ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ሸለቆ ሊጎበኝ ከአዲስ አበባ በተከራየው መኪና መጥቶ፣ ለአስጎብኚ፣ ለመኪናና ለማደሪያ ከከፈለ በኋላ፣ የሙርሲዋ እናት ወይም የሐመሩ ወጣት የሚደርሳቸው ለአንድ ፎቶ የሚቆጠር ጥቂት ብር ነው። ሰው በገጽታው ብቻ እየተከፈለው በመሬቱ፣ በመንገዱ መሪነትና በማደሪያው ባለቤትነት ድርሻ ሳይኖረው መቅረቱ፣ ስንት ሺህ እንግዳ ቢመጣ ልማት ተብሎ ሊመዘገብ የማይገባው ጉድለት ነው።

ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም የማያሻማ ነው። የታችኛው ኦሞ የወል ይዞታዎች በአዋጁ መሠረት ተለክተው እስኪመዘገቡ ድረስ፣ በሸለቆው ለማንም አዲስ ሰፊ መሬት ሊሰጥ አይገባም። የኩራዝ ፋብሪካዎች የሚተላለፉ ከሆነም የዝውውሩ ውል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን በግልጽ አንቀጽ መያዝ አለበት፤ ለነባር ነዋሪ አባወራና እማወራ በስማቸው የተመዘገበ የመስኖ ማሳ፣ ከውሃ ቦዩ ቅድሚያ የሚያገኙበት መብት፣ እንዲሁም ከትርፉ ወደ ማኅበረሰቡ ፈንድ የሚገባና በሕዝቡ በተመረጡ ሰዎች የሚተዳደር ድርሻ። በውሉ ያልሰፈረ ተስፋ፣ ሚኒስትሩ ሲቀየርና ባለሀብቱ ሲለወጥ የሚጠይቀው ስለማይኖር፣ እንደ ግዴታ ሊቆጠር አይችልም።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በየዓመቱ ከመስከረም በፊት የሚለቀቀውን ውሃ መጠንና ቀን አስቀድሞ በየቋንቋው ለዳርቻው ወረዳዎች ያሳውቅ፤ ከጊቤ ሦስት በታች የሚሠራው የኮይሻ ግድብ ውሃ መያዝ ሳይጀምርም በታችኛው ሸለቆ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ለሕዝብ ይገለጽ፤ በጎርፉ መቅረት የታጣው ምርት ተሰልቶ ካሣው ይከፈል። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጂንካን ከማዕከላቱ አንዷ ያደረገበትን ውሳኔ ትርጉም የሚሰጠው የሸለቆውን ጉዳይ በሸለቆው አጠገብ ሲወስን ነው። ጂንካ ዩኒቨርሲቲም ወደ 16 የሚጠጉት የአካባቢው ሕዝቦች ልጆች የመሬት ቅየሳን፣ የመስኖ ምሕንድስናንና የእንስሳት ሕክምናን ተምረው ወደ ወረዳቸው እንዲመለሱ ቅድሚያ ይስጥ። የይዞታ ልየታው የሚጀመርበት ቀን፣ የሚመራው አካልና በጀቱ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ተካተው ለሕዝብ እንዲገለጹ የክልሉን ምክር ቤት እንጠይቃለን፤ ምዝገባው ሳይጠናቀቅ የሚፈረም ማንኛውም የዝውውር ውልም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 እንደጣሰ እንቆጥረዋለን።