ስንት ብቻ ሳይሆን መቼም

ስለ ወተት ላም አመጋገብ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው «በቀን ስንት ኪሎ ትብላ?» የሚል ነው። እኛ ደግሞ «መቼ ትብላ?» የሚለው ጥያቄ እኩል ክብደት ይሰጠው እንላለን። ጉዳዩ የእርባታ ባለሙያዎች ብቻ ቢመስልም በመሠረቱ የኃይል ሒሳብ ነውና ፊዚክስንም ይመለከታል።

እንደሚታወቀው የላም ወተት በየቀኑ እኩል አይደለም። ከወለደች በኋላ በፍጥነት እየጨመረ ብዙውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ እስክትነጥፍ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ዉድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ይህን ሂደት በአንድ ቀመር ገልጾታል። ቀመሩ የሁለት ተቃራኒ ዝንባሌዎች ብዜት ነው፤ አንዱ ወተቱን ሲያሳድግ ሌላው እንደ ራዲዮአክቲቭ ቁስ አካል እያመነመነው ይሄዳል።

ችግሩ የላሟ የመብላት አቅም ከወተቷ ዘግይቶ ማደጉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በወተት የሚወጣው ኃይል በመኖ ከሚገባው ይበልጣል። ኃይል ከምንም አይፈጠርምና ጉድለቱን ከገላዋ ስብ ትሸፍናለች። ጉድለቱ ሲበዛ ወተቷ ይቀንሳል፤ ዳግመኛ ለመፀነስም ትዘገያለች።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዙሪያ አንዲት ዲቃላ ላም ያለው አርሶ አደር ለ300 ቀናት የሚሆን 600 ኪሎ የፉርሽካና የፋጉሎ ድብልቅ አለው እንበል። በቀን 2 ኪሎ እኩል ሊያካፍል ይችላል። አለዚያም ለመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት 4 ኪሎ፣ ለቀሩት 200 ቀናት 1 ኪሎ ሊሰጥ ይችላል። ድምሩ ያው 600 ኪሎ ነው። ሁለተኛው አከፋፈል ግን መኖውን የሚያቀርበው ላሟ አብዝታ በምትፈልገው ወቅት ነው። ከፍታው ሲጨምር ቁልቁለቱም ከላይ ስለሚጀምር ጥቅሙ ለቀሪዎቹ ወራትም ይተርፋል። በ8ኛው ወር መኖ ማብዛት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አብዛኛው ወደ ስብ ይለወጣል።

እርግጥ ይህ በሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም። ጥሩ ሣርና ድርቆሽ እስክትጠግብ የምታገኝ ላም ላይ ልዩነቱ ይጠባል፤ ገለባ ለዋና ቀለቧ የሆነባት ዲቃላ ላም ላይ ግን ይሰፋል። ፉርሽካውን በአንድ ጊዜ ማብዛትም በሆዷ ውስጥ አሲድ ስለሚጨምር ያሳምማታል፤ ጭማሪው ጥቂት በጥቂት ሊሆን ይገባል።

እኩል ማካፈል ከአላዋቂነት የመጣ ነው የሚሉትን ግን አንቀበልም። አርሶ አደሩ መኖ የሚገዛው ገንዘብ ባገኘ መጠን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት እጥፍ ለመመገብ ደግሞ ገንዘቡ አስቀድሞ በእጁ መኖር አለበት። በመሆኑም ምክር ብቻ አይበቃም። የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ላም ስትወልድ መኖ በዱቤ ሰጥተው ዋጋውን ከሚረከቡት ወተት ላይ ቢቀንሱ ዕውቀቱ በረት ውስጥ ሥራ ላይ ይውላል።

ተማሪዎቻችንም ድርሻ አላቸው። ላም ያለው ቤተሰብ የየቀኑን ወተትና መኖ እንዲመዘግብ ቢረዱና ውጤቱን በግራፍ ቢያሳዩት፣ የኃይል ጥበቃ ሕግ ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ የቤተሰብ ገቢ ሲሆን ያያሉ።