የወገብ ሽቦና ይሉኝታ

ነገሩ የጀመረው ከአሜሪካ በተደወለ ስልክ ነው። መርሳ ያሉት አጎታችን፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ወገባቸውን መታመም ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ሀብሩ ውስጥ ማሽላ ሲያጭዱ፣ ፍራፍሬ ሲለቅሙ፣ አይሱዙ ላይ ኩንታል ሲጭኑ ወገቤን ሳይሉ የኖሩ ሰው ዛሬ ከመደብ ለመነሳት ግድግዳ ይይዛሉ። ያልሞከሩት የለም። ወጌሻ አሽቷቸዋል፤ ዋግምት ተደርጎላቸዋል፤ ጠበል ተጠምቀዋል፤ ወዳጃ ተቀምጦም ዱዓ ተደርጎላቸዋል (ወሎ ነውና ሁለቱም የቤታችን ነው!)። የሕመም ማስታገሻ ኪኒኑንማ በፌስታል ነው የዋጡት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅ ደውላ የነገረችን። "አከርካሪ ውስጥ የሚገባ ሽቦ አለ፤ ባትሪው ቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ሕመሙን ጸጥ ያደርገዋል። እዚህ ሰው ሁሉ እያደረገው ነው። ህንድ ሄደው ይሞክሩት፤ ገንዘቡን ተረባርበን እንሙላ" አለች። ቤተሰቡ ተነቃነቀ። በአንድ ሌሊት የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ፤ ስሙም "የጋሼ ወገብ" ተባለ። አንዱ በሬዬን ልሽጥ አለ፤ ሌላው ከቅሬ እንበደር አለ፤ ወልድያ ባጃጅ የሚነዳው ታናሻችን የዕቁብ ዕጣውን እንካችሁ አለ።

አዲስ አበባ ያለነው የወንድም ልጆች ግን "ቆይ፣ እስቲ መጀመሪያ እንጠይቅ" አልን። ይህን በማለታችን "እናንተ ስላላመማችሁ ነው!" ተባልን። እውነታቸውን ነው፤ ያልተነካ ግልግል ያውቃል። ቢሆንም ጠየቅን፣ አነበብን። ያገኘነውም እነሆ።

ሽቦው ምንድን ነው?

ሐሳቡ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሜልዛክ እና ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሕመም ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት ሕብለ ሠረሠር ላይ በር የሚመስል ነገር እንደሚያልፍ፣ በሩም ሊከፈትም ሊዘጋም እንደሚችል ጻፉ። (ክንዳችንን ስንመታ ቶሎ ብለን የምናሸው ለዚሁ ነው፤ ማሸቱ በሩን ገርበብ ያደርገዋል።) ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ኖርማን ሺሊ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም በሩን በኤሌክትሪክ ልዝጋው ብሎ የመጀመሪያውን መሣሪያ ሰው ላይ ተከለ። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። ቀጫጭን ሽቦዎች ከሕብለ ሠረሠር ጀርባ ይገባሉ፤ ባትሪው ከመቀመጫ በላይ ወይም ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ በሽተኛው በሪሞት ያስተካክለዋል። ልብ በሉ፤ መሣሪያው የተበላሸ ዲስክ አይጠግንም፣ የተጫነ ነርቭም አያላቅቅም። የሚሞክረው ወሬው አንጎል ጋ እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

ደግነቱ ቋሚው ከመተከሉ በፊት ሙከራ አለው። ሽቦው በመርፌ ይገባል፤ ባትሪው ከሰውነት ውጭ ሆኖ ለጥቂት ቀናት፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ ይታያል። ሕመሙ በግማሽ ያህል ከቀነሰ ቋሚው ይተከላል፤ ካልቀነሰ ሽቦው ተመዝዞ ይወጣል። ሲሰሙት ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ነገር ምን አለ?

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው!

የሙከራው ሳምንት ተሳካ አልተሳካም የሚለው በራጅ አይታይም፤ በደም ምርመራም አይወጣም። ሐኪሙ የሚጠይቀው ሰውዬውን ነው፤ "ሕመምዎ ከአሥር ስንት ነው?" ብሎ። አሁን አስቡት። በሬ ተሽጦ፣ ከቅሬ ብድር ተወስዶ፣ ዶላር ተልኮ፣ ጋሼ ባሕር ተሻግረው አልጋ ላይ ተኝተዋል። በሰባተኛው ቀን ስልክ ይደወላል፤ "ጋሼ፣ ተሻለዎት?" ለዚህ ጥያቄ "ኧረ ምንም አልተሻለኝም" ብሎ የሚመልስ የወሎ ሽማግሌ ታውቃላችሁ? እኛ አናውቅም። "ተመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እናንተን አያሳጣኝ" ነው የሚሉት። ቀዶ ሕክምናው ደግሞ የሚወሰነው በዚያች ቃል ነው። ይሉኝታ ሐኪም ሆኖ ፈረመ ማለት አይደል?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ተስፋ ራሱ ሕመም ያስታግሳል፤ ብዙ የተከፈለበት ተስፋማ እንዴታ! ለዚህ ነው በሽተኛው ሳያውቅ መሣሪያው በርቶና ጠፍቶ የሚነጻጸርበት ጥናት ዋጋ ያለው። ኖርዌይ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ አደረገ። ከወገብ ቀዶ ሕክምና በኋላ እግራቸው ድረስ የሚወርድ ሥር የሰደደ ሕመም የነበረባቸው 50 ሰዎች፣ የሙከራውን ጊዜ በስኬት አልፈው ቋሚው ተተከለላቸው። ከዚያ መሣሪያው የተወሰነ ጊዜ በራ፣ የተወሰነ ጊዜ ጠፋ። ውጤቱ? በበራበትና በጠፋበት ጊዜ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ሁሉም በሙከራው ወቅት "ተሽሎኛል" ያሉ ሰዎች መሆናቸውን አትርሱ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ኮክሬን 699 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 13 ጥናቶች ተመልክቶ፣ መሣሪያው ለወገብ ሕመም የሚሰጠው ጥቅም ወጪውንና የቀዶ ሕክምናውን አደጋ የሚያካክስ አይመስልም ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ።

በሌላ በኩል ያለውን ካልነገርናችሁ ደግሞ አድሏዊ እንሆናለን። በ2007 የታተመ የ100 ሰዎች ጥናት አለ። ወገባቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እግራቸው ላይ ሕመሙ ካልለቀቃቸው መካከል፣ በስድስት ወር የእግር ሕመማቸው በግማሽ የቀነሰላቸው መሣሪያ ካገኙት 48 በመቶ፣ ካላገኙት 9 በመቶ ነበሩ። ሰዎቹ ግን መሣሪያ እንዳላቸውና እንደሌላቸው ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት፣ ሐኪሙም አጠገቡ የሆነ ሰው ልሞክረው ቢል አንፈርድበትም። የጋሼ ሕመም ግን ወገባቸው ላይ ነው፤ ቀዶ ሕክምናም ተደርጎላቸው አያውቅም።

መርሳ ላይ ማን ይጠብቀዋል?

መሣሪያ ከተተከለ በኋላ ኑሮ አለው። ሽቦው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ባትሪው ይደክምና ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። አሶሺየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምርመራ፣ ከ2008 ጀምሮ እነዚህን መሣሪያዎች የሚመለከቱ ከ80,000 በላይ የጉዳት ሪፖርቶች ለአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደደረሱ ጽፏል። ያውም ሐኪሙ ጎረቤት በሆነበት አገር!

ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወልድያ አዲስ አበባ ከ500 ይበልጣል። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ገና ወጣት ሙያ ነው። ሽቦው ሌሊት ላይ ቢያመረቅዝ፣ መንገዱም በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ፣ ጋሼን ማን ይደርስላቸዋል? ሞልተን እንጠቀምበታለን የሚባለው ባትሪስ? በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ወቅት ወልድያና አካባቢዋ ያለ መብራት የከረሙበትን ወራት የረሳ አለ?

ያልተጠየቁት ጥያቄዎች

ከሁሉም ያስደነገጠን ሌላ ነገር ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ "ይህ ሕመም ከምን መጣ?" ብሎ አጥብቆ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ። በእኛ አገር ወገብን የሚያሳምም የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ካልተፈላ ወተትና ከከብት የሚመጣ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታም አለ። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው፤ የቲቢው ደግሞ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ተኝተውም የማይለቅ ሕመም ካለ ዝም አይባልም። እግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከመጣማ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ይህ ሳይጣራ ሽቦ መትከል፣ ቤት እየተቃጠለ ጡሩንባውን ማፈን ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቀላሉ ግን አሰልቺው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም የመጀመሪያውን መመሪያ ሲያወጣ ያስቀደመው የአካል እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ ማስተማርን፣ የፊዚዮቴራፒ ዘዴዎችንና የሥነ ልቦና ድጋፍን ነው። የወገብ ቀበቶንና ኃይለኛ የኦፒዮይድ ማስታገሻዎችን በዘልማድ አትስጡ ብሏል። እኛ አገርም ጎንደር ዩኒቨርሲቲን ከመሰለ ቦታ የተመረቁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አሉ። ጋሼ ግን አንዱንም አግኝተው አያውቁም። ወጌሻ፣ ኪኒን፣ ከዚያ ዘልሎ ህንድ! መሀሉ የት ሄደ?

ስለዚህ አቋማችን ይኸው ነው። ሽቦው ለዛሬ ይቅር። የተዋጣው ገንዘብ አይመለስ፤ መጀመሪያ ለምርመራ፣ ከዚያ ለፊዚዮቴራፒ ምልልስ፣ የቀረው ደግሞ ኩንታሉን በጋሼ ፋንታ ለሚሸከም ጎረምሳ ደሞዝ ይሁን። ያ ሁሉ ተሞክሮ አሁንም ሽቦው ይሻላል የሚል ሐኪም ከተገኘ እንደገና እንነጋገራለን፤ ወሳኙም ሕመምተኛው ይሁኑ። ያን ጊዜም ቢሆን አንድ ነገር አስቀድመን እንነግራቸዋለን፤ "ጋሼ፣ አልተሻለኝም ቢሉ ማንም አይቀየምዎትም።"

ይህንኑ ባለፈው ሳምንት ደውለን ነገርናቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ "እንዲያ ከሆነማ ልንገራችሁ፤ ያ ባለፈው የላካችሁልኝ ቅባት ምንም አልረዳኝም" አሉን። ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ሲያመሰግኑን ነበር!

ቸር ይግጠመን።