መስኮቱ ሲነደፍ ፊደላችን አይዘንጋ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ማመልከቻ ለማስጻፍ ወደ ኮምፒዩተር ቤት ጎራ ያለ ሰው የጸሐፊዋን ጣቶች ልብ ብሎ ይመልከት። «ሰላም» ሦስት ፊደል ቢሆንም በድምፅ አጻጻፍ ስልት አምስት ጊዜ ቁልፍ ያስመታል። የኤስ ቁልፍ ሲመታ «ስ» ይታያል፤ ኢ ሲከተለው ያው ፊደል «ሰ» ይሆናል። በቁልፍ ሰሌዳውና በጽሑፉ መካከል ቆሞ ቁልፉን ወደ ፊደል የሚለውጥ አስተርጓሚ ፕሮግራም አለ ማለት ነው። ለዚህ አስተርጓሚ መንገድ የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው የመስኮት ሥርዓቱ ነው።

የመስኮት ሥርዓት ስክሪኑን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍል፣ የትኛው መስኮት ከላይ እንደሚሆንና የተመታው ቁልፍ ለማን እንደሚደርስ የሚወስን ሶፍትዌር ነው። በሊኑክስ ዓለም ለረጅም ዘመን ያገለገለው ኤክስ፣ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀምሮ በ1987 አሥራ አንደኛው ዕትሙ ወጣ። ፊደላችን በዩኒኮድ ሰንጠረዥ የተካተተው ግን ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ በ1999 ነው። ዊንዶውስም የአማርኛ ፎንትና የቁልፍ ሰሌዳ ይዞ የመጣው በ2007 ለገበያ በዋለው ቪስታ ነው። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የደረሰ እንግዳ በተረፈው ጥግ ይቀመጣል፤ የእኛም ዕጣ ይኸው ነበር።

ኤክስ አንድ ከባድ ጉድለት አለው፤ አንዱ ፕሮግራም ለሌላው የተመታውን ቁልፍ፣ የይለፍ ቃልን ጨምሮ፣ ሊያዳምጥ ይችላል። ክርስቲያን ሆግስበርግ በ2008 የጀመረው ዌይላንድ ይህን በር ዘጋ። በእርሱ ዘንድ ቁልፉ የሚደርሰው ተጠቃሚው ለሚሠራበት መስኮት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሰላዩን የሚያግደው ግድግዳ አስተርጓሚውንም ያግዳል። ስለዚህ ለአስተርጓሚው የተለየ መግቢያ ማበጀት ግድ ሆነ። ችግሩ ይህ መግቢያ በግኖም፣ በኬዲኢና በሌሎቹ ዴስክቶፖች አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በአንዱ ላይ ያለ እንከን የሚጻፈው አማርኛ በሌላው ሊሰናከል ይችላል።

በእኔ እምነት አስተርጓሚው ኋላ የሚለጠፍ ጌጥ ሳይሆን ከመሠረቱ ጋር የሚጣል ድንጋይ ነው። ደኅንነትን ለማግኘት በራስ ፊደል መጻፍን መሠዋት አይገባም፤ ጥሩ ንድፍ ሁለቱንም ያስታርቃል።

«ይህ የታላላቅ ኩባንያዎች ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በሊኑክስ አማርኛ የምንጽፍባቸው አይባስና ኤፍሲቲክስ፣ ቋንቋቸው ያለ አስተርጓሚ በማይጻፍ የእስያ ባለሙያዎች የተጀመሩ ናቸው። እነርሱ የራሳቸውን ችግር ሲፈቱ እኛም ተጠቀምን። የዌይላንድ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ውይይቱም በአደባባይ ይካሄዳል። «ሰ» ፈንታ «ስኧ» ተጽፎ ሲገኝ ስሕተት መሆኑን ወዲያው የሚያውቀው ግን አማርኛ አንባቢ ብቻ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢም ሆነ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላችሁ ሁሉ፣ ለመመረቂያ ሥራችሁ ሩቅ አትሂዱ። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ዌይላንድን ጫኑ፤ በየዴስክቶፑ አንድ ገጽ አማርኛ ጻፉ፤ የተሰናከለውን መዝግባችሁ ለሠሪዎቹ አሳውቁ፤ የቻላችሁም አርሙት። ንድፉ ገና እየተሠራ ሳለ ያልተናገረ፣ ካለቀ በኋላ ቢያማርር ሰሚ አያገኝም።