ያለ ሰነድ አድገው የተመለሱ ወጣቶች፦ ዜግነት አለ፣ ማስረጃው ግን የት ነው?

ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመለሱ ዜጎች ጉዳይ በአብዛኛው በቁጥር ሲነገር ቆይቷል። በ2006 ዓ.ም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ከ100,000 በላይ ዜጎችን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው በረራው በመጋቢት ወር ተጀምሯል። ብዙም ያልተነገረላቸው በሕፃንነታቸው ከወላጅ ጋር ወጥተው ያለ ኢቃማ በጅዳና በሪያድ ያደጉት ናቸው።

አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ችግሩን በግልጽ ያሳያል። መርካቶ ተወልዶ በሦስት ዓመቱ የተወሰደ ልጅ በሃያ ዓመቱ ሲመለስ፣ የተወለደበት ቤት በመልሶ ማልማት ፈርሶ፣ ጎረቤቱም ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበትኖ ሊያገኝ ይችላል። ለነዋሪነት መታወቂያ ወረዳ ሲቀርብ መሸኛ ይጠየቃል፤ መሸኛ ደግሞ ከሌላ ወረዳ እንጂ ከጅዳ አይመጣም።

በሕግ ረገድ ጥያቄው የተመለሰ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 እና የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱ እንኳ ኢትዮጵያዊ የሆነን ሰው ኢትዮጵያዊ ይሉታል። በውጭ አገር ረጅም ጊዜ መኖር፣ ያለ ፈቃድም ቢሆን፣ ይህን አያስቀርም፤ በሳዑዲ ማደግም የዚያን አገር ዜግነት አያሰጥም። ወጣቱ የጎደለው ዜግነት ሳይሆን የዜግነቱ ማስረጃ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች በመዝገብ ላይ የሉም። የፋይዳ መታወቂያም ነዋሪነትን መሠረት ያደረገ ስለሆነ የዜግነት ማስረጃን አይተካም።

ስለዚህ ቀዳሚው ጉዳይ የልደት ምዝገባ ነው፤ ፓስፖርቱ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። የእድር መዝገብ፣ የክርስትና ወይም የክትባት ካርድ የልደት ምስክር ወረቀትን ባይተኩም፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ሰዎችን ለማግኘት ያግዛሉ። በመርካቶ የፈረሰ ሰፈር እድር ብዙ ጊዜ ከሰፈሩ በላይ ዕድሜ አለው።

ደላሎች የሚጠቀሙት በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። አማርኛው የተሰባበረ፣ ዘመድ የሌለው ወጣት «ወደምታውቀው አገር ልመልስህ» የሚል ሰው በቀላሉ ያሳምነዋል። የሚቀርብለት መንገድ ግን በኦቦክ ወይም በቦሳሶ በኩል የመንን የሚያቋርጠው ነው። አሻራ ሰጥቶ ከሳዑዲ የተባረረ ሰው ለሥራ ተመልሶ እንዲገባ ስለማይፈቀድለት፣ በሕይወት ቢደርስ እንኳ የሚጠብቀው ያው የተደበቀ ኑሮ ነው።

በሕጋዊ መንገድ በሌላ አገር ለመሥራት የሚፈልግ፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ዜጋ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው 1246/2013 መሠረት፣ ኢትዮጵያ የሥራ ስምምነት ወደ ፈረመችባቸው አገሮች መሄድ ይችላል። የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው፤ ለእነዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ አገናኝ ሕግ እየጣሰ ነው።

ተመላሾች ወደ አገር የገቡበትን ሌሴ ፓሴ ብዙ ጊዜ ቦሌ እንደደረሱ ይጥሉታል። ለአንድ ጉዞ ብቻ የተሰጠ ቢሆንም ስም፣ ፎቶግራፍና የመግቢያ ቀን ያለበት የመንግሥት ሰነድ ነውና፣ ወረዳ ሲኬድ አብሮ ይያዝ። ወላጅ አሁንም በጅዳ ወይም በሪያድ ካለ፣ የወላጁን ማንነትና ዝምድናውን የሚያሳዩ ሰነዶች በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ወይም ኤምባሲ በኩል ሊጠየቁ ይችላሉ።