ከፍትፍቱ ፊቱ

ሠራተኛን ማሰናበት ለአሠሪው የሂሳብ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ለተሰናባቹ ግን የኑሮና የክብር ጉዳይ ነው። ለዚህም የጉግልን ኩባንያ ሁኔታ መመልከት ይበቃል።

በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ሕዝቡ ከቤቱ ሳይወጣ በኢንተርኔት መሥራትና መገበያየት በማብዛቱ፣ ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች እጅግ ብዙ ሠራተኞችን ቀጠሩ። ወረርሽኙ ጋብ ብሎ ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን የሰው ኃይላቸውን መቀነስ ጀመሩ። የጉግል እናት ኩባንያ የሆነው አልፋቤትም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ከሠራተኞቹ 6 በመቶ የሚሆኑትን፣ ማለትም 12,000 ያህል ሰዎችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። ይህ የሆነው ኩባንያው በ2022 ወደ 60 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የተጣራ ትርፍ ካገኘ በኋላ ነው።

እርግጥ ነው፣ ተሰናባቾቹ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። በአሜሪካ ለነበሩት ቢያንስ የ16 ሳምንት ደመወዝ፣ በዚያም ላይ እንደ አገልግሎታቸው ዘመን ተጨማሪ ክፍያ ተወስኖላቸዋል። ይሁንና ከእነዚሁ መካከል ብዙዎቹ መሰናበታቸውን የተረዱት በኢሜል በተላከ ደብዳቤ ወይም የሥራ ኮምፒዩተራቸው አልከፈት ሲላቸው ነበር። ለዓመታት ያገለገለ ሰው ባልደረቦቹን እንኳ ሳይሰናበት ቀረ።

ገበያ ሲለወጥ ድርጅት አደረጃጀቱን መለወጡ አይነቀፍም። የሚነቀፈው የደከመበትን ሰው እንደ አሮጌ ዕቃ ማስወገዱ ነው። አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» እንዲሉ፣ ገንዘብ ብቻውን ክብርን አይተካም። ስለሆነም አሠሪ ሠራተኛውን ሲቀጥር በክብር ጠርቶ እንዳነጋገረው ሁሉ፣ ሲያሰናብተውም በክብር ጠርቶ ምክንያቱን ሊነግረውና ሊያመሰግነው ይገባል።